ማርቆስ ሄጄ ግብር በላሁ፣ ግብርም ከፈልኩ

ባለፈው ደብረ ማርቆስ እራት የበላሁበትን ምግብ ቤት ፎቶ ስለጥፍ ብዙ ሰው "የት ነው" "ስንት ነው" ስላለኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው እንጂ ምግብ ቤት ሪቪው የማድረግ ልምድ የለኝም፣ ስለዚህ ከመስመር ስወጣ ታገሱኝ።

ጥር ላይ ለዘመድ ሰርግ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ሰርጉ ባለቀ ማግስት አጎቴን፣ ሚስቴንና የአክስቴን ልጅ ይዤ ያ የድሮ የግብር አዳራሽ አስመስለው የሰሩት ሬስቶራንት ለእራት ገባን። ስሙን አልጠራም፣ ከታች የማማው ነገር አለኝ። አጎቴን አያ ነው የምንለው፣ ሞጣ በኩል ተወልዶ ማርቆስ ያረጀ ሰው ነው፣ አንቱ ሲሉት አይወድም፣ "አንቱ ለሹም ነው" ይላል፣ እኛም አያ እያልን አንተ እንለዋለን።

ቤቱ ያምራል፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ መቀመጫው አጎዛ የለበሰ ዱካ ነው፣ ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር አለ፣ አስተናጋጆቹ እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ ለብሰው ወንዱን ጌቶች ሴቷን እሜቴ ይላሉ። ሚስቴ አዲሳባ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሜቴ ስትባል ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። የአስተናጋጆቹን አለቃ ደግሞ አጋፋሪ ብለውታል፣ ጭራ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ቃሉን ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ ሰው እንደመከራቸው ያስታውቃል፣ ምክንያቱም በድሮው ግብር ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው፣ ተጋባዡን ተራ በተራ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አጋፋሪው ነበር፣ አሳላፊው ደግሞ ምግብና መጠጡን ያቀርባል። ሰው እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል፣ መኳንንቱ መጀመሪያ ይገባል፣ ወታደሩ በኋላ በየተራ፣ በአጤ ምኒልክ አዳራሽማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበር የሚበላው ባንድ ቀን።

ሥጋው ላይ ልምጣ። ኪሎ ጥሬ 1,200 ብር ነው፣ ሁለት ኪሎ አዘዝን። ሜኑው ላይ ብልቱን በስሙ ጽፈውታል፣ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ፍሪምባ እያለ፣ ይሄን አዲሳባ ያሉ ቁርጥ ቤቶች ቢያደርጉት እንዴት ደስ ባለኝ፣ እዛ "ከየቱ ይሁንልህ" ሲሉህ በጣት ነው የምታሳየው። ሻኛው ቅቤ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ታናሹ ትንሽ ጅማት ነበረበት። አያ ቢላዋውን ተቀብሎ እየቆረጠ ድሮ ብልት ዝም ብሎ አይታደልም ነበር አለን፣ የትኛው ብልት ለየትኛው ሹም፣ የትኛው ለየትኛው ሙያተኛ እንደሚሄድ የታወቀ ነው፣ አንድ ሰው ትላንት ያገኘውን ብልት ዛሬ ካጣ ሽረት መምጣቱን እዛው ማዕዱ ላይ ያውቀዋል። ደብዳቤ የለ፣ ስብሰባ የለ።

ዶሮው 1,500 ነው፣ ሙሉ አስራ ሁለት ብልት ከስድስት እንቁላል ጋር፣ ቅመሙ ደህና ነው ግን ሽንኩርቱ በደንብ አልተቁላላም፣ ቸኩለውበታል። እንጀራው ማኛ ነው፣ ለስላሳ። ጠጁ ግን! ብርሌው 120 ብር ነው፣ የጎጃም ማር ነው ይላሉ፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ስኳር ያለበት ጠጅ ጠዋት ራስህን ይፈልጠዋል፣ እኔ በማግስቱ ስድስት ሰዓት መኪና ነድቼ ደጀን ነበርኩ፣ ምንም አልሆንኩም። (ማታ አልነዳሁም፣ አትቆጡ።)

አሁን ወደ ግድግዳው። ፎቶዎቹ ናቸው ይሄን ሪቪው ያስረዘሙት። መሀል ላይ ትልቁ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ከተማዋን መንቆረር ከሚለው ስሟ አውጥተው ደብረ ማርቆስ ያሰኟት እሳቸው ናቸው፣ ይገባቸዋል። ከስሩ "ንጉሠ ጎጃም ወከፋ" ብለው በወርቅ ቀለም ጽፈውበታል። እንግዲህ ራስ አዳል ተብለው ሲገዙ ቆይተው በ1873 አጤ ዮሐንስ አነገሷቸው፣ በ1874 ደግሞ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ፣ "ወከፋ" (የከፋም ንጉሥ) የሚለው ዓመት ከመንፈቅ እንኳን በደንብ አልተለበሰም ማለት ነው። ይሄ ግን ፎቶው ስር የለም። በ1880 ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ መሸነፋቸውም የለም፣ በ1881 አጤ ዮሐንስ ተቆጥተው መጥተው ጎጃምን እንዴት እንዳደረጉት የለም። አድዋ መዝመታቸው ግን በትልቁ አለ። የአክስቴ ልጅ "ሲቪ ነው እኮ፣ ማን ሲቪው ላይ ተባረርኩ ብሎ ይጽፋል" አለች፣ እውነቷን ነው።

አያ ስለ ንጉሡ ክፉ አልተናገረም። እሱ የሚለው የድሮ ሰው እሳቸውን የሚያስታውሰው በጦርነቱ ሳይሆን በማብላቱ ነው፣ የሚያበላ ጌታ ጌታ ነው፣ ቢሸነፍም ጌታ ነው። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ፎቶ ጋ ሲደርስ ግን ፊቱ ተቀየረ። ሬስቶራንቱ ለራስ ኃይሉ "የዘመናዊነት ፋና" የሚል ጽፎላቸዋል። ልክ ነው፣ በ1916 ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ የሄዱ ናቸው፣ አዲሳባ ላይ ታክሲና ሲኒማ ከነገዱ ቀደምቶች አንዱ ናቸው፣ ገንዘብ የገባቸው ሰው ነበሩ። ችግሩ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ነው። ጎጃም ውስጥ የግብር ነገር ሲነሳ እሳቸው ሳይጠሩ አያልፉም፣ የአያ አያት "ጢስ ከቤትህ ሲወጣ ካዩ ይቆጥሩታል" ይል ነበር አሉ። በ1924 የልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጉዳይ ላይ እጃቸው አለበት ተብለው ታስረው ጎጃም ከእጃቸው ወጣች፣ ጣሊያን ሲመጣ ከጣሊያን ጋር ሆኑ፣ በ1933 ጣሊያን ማርቆስን ለቆ ሲወጣ ከተማዋን ለሳቸው ጥሎ ነው የሄደው፣ ከዛ ጃንሆይ ሲገቡ እጅ ነሱ። የዚህም አንድ መስመር የለም። ፋና ብቻ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ግብር የሚለው ቃል ሁለት ሆድ አለው አይደል? ገበሬው የሚያገባውም ግብር ነው፣ ጌታው የሚያበላውም ግብር ነው። ያው አንዱ እህል ነው፣ በዚህ በር ገብቶ በዛ በር ይወጣል። ሰው ጌታውን የሚመዝነው በመካከል ምን ያህል እንደቀረ አይቶ ነው። ብዙውን ከመለሰ ደግ ጌታ፣ ከያዘው ሆዳም። ስለዚህ ሹመትና መብላት ባማርኛ አይለያዩም፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የተባለውም ለዚህ ነው። ከዛ ደሞ ንጉሥ ሲበላ አይታይም ነበር! ግብር ላይ ንጉሡ በመጋረጃ ተጋርደው ነው የሚበሉት፣ እሳቸው ከጨረሱ በኋላ ነው መጋረጃው ተገልጦ የቀረው ሰው የሚገባው። ሰው የሚያየው ሲያበሉ ነው፣ ሲበሉ አያይም። ዛሬ ይሄን የሚያህል ፒአር ማን ይሰራል?

ሬስቶራንቱ መጋረጃም አለው። ከጥግ በኩል ቪአይፒ ብለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቀይ መጋረጃ ሰቅለዋል፣ ግን ሽቦው ስለረገበ ግማሹ አይዘጋም፣ ማን ምን እንደሚጎርስ ሁሉም ያያል።

እኛ የተቀመጥነው መጋረጃው ጎን፣ በላይ ዘለቀ ፎቶ ስር ነበር፣ ምርጥ ቦታ ነው፣ አዝማሪውም ይታያል ንፋስም አይገባም። ሥጋውን አጋምሰን ሁለተኛ ብርሌ ላይ እያለን አጋፋሪው ጭራውን እያወዛወዘ መጣና

"ጌቶች ይቅርታ፣ ይቺን ቦታ ብትለቁልን፣ የበላይ አካል እየመጣ ነው" አለን።

አያ ቀና አለና "የቱ በላይ?" አለው።

"አይ አባቴ፣ ከቢሮ ነው፣ የበላይ አካል።"

"እኔ የማውቀው በላይ ያውና" ብሎ በቢላዋው ጫፍ ከራሳችን በላይ ያለውን ፎቶ አሳየው፣ "እሱ ደግሞ መምጣቱን እንጃ ልጀ።"

ጎን ያሉት ሳቁ። አጋፋሪው አልሳቀም፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው፣ ማን ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ። መጨረሻ ላይ ተነሳን፣ ምን እናድርግ፣ ወጥ ቤቱ በር ጋ ያለች መሶብ ላይ ወሰዱን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጢስና የሽንኩርት ሽታ ይመጣል፣ አንዴ አስተናጋጇ የሚስቴን ጀርባ በትሪ ገጨቻት። ሥጋችንን ይዘው ሲመጡ ደግሞ ሻኛው ትንሽ ቀንሷል ብዬ እምላለሁ፣ አያ "ዝም በል፣ ብልታችንን ወሰዱት፣ ተሽረናል" አለኝ። ለዚህ ሁሉ ቅናሽ የለ፣ አንድ ብርሌ እንኳን "በቤቱ" አልተባለም። ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ነው፣ ምግቡ ላይ አይደለም።

(በላይን ለማታውቁት፣ አባ ኮስትር ነው፣ የብቸና በኩል አርበኛ፣ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ጎጃም ላይ እንቅልፍ የነሳ። ሌሎቹ ራስ፣ ደጃዝማች ሲባባሉ እሱ ለተከታዮቹ ማዕረግ እያደለ ለራሱ ግን እናቴ በላይ ብላኛለች ይበቃኛል አለ ይባላል። ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ደጃዝማች ተባለ፣ ከዛ በ1937 አዲሳባ ላይ ሰቀሉት። አሁን ባህርዳር ስትሄዱ የምታርፉበት ኤርፖርት ስሙ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። የሰቀለውም መንግሥት ነው፣ በስሙ የሰየመለትም መንግሥት ነው።)

የበላይ አካሉ መጣ። እኔ አጃቢ ምናምን ጠብቄ ነበር፣ ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ጃኬት ለብሶ፣ ሚስቱንና ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዞ፣ አንዷ ልጅ እንቅልፏ መጥቶ ትነጫነጫለች። በኛ በኩል ሲያልፍ አያን አይቶ ጎንበስ ብሎ "እንደምን አመሹ አባቴ" አለ። አያም ከዱካው ብድግ ብሎ መለሰለት። እኔ ደሜ ፈልቶ ስለነበር "አያ፣ ከቦታችን ያስነሳን እኮ እሱ ነው" ስለው "ሰውየው ምን አጠፋ፣ መነሳታችንንም አያውቅ" አለኝ።

እዚህ ላይ ለረጅም ሰዓት ተከራከርን፣ ጠጁም ረድቶናል። የኔ ነጥብ፣ አለማወቁ ነው ጥፋቱ። ያያ ነጥብ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ድሮም ጌታው ጋ የሚያስቸግርህ ጌታው አይደለም፣ እልፍኝ አስከልካዩ ነው። ደጅ የሚጠና ሰው ወር ሁለት ወር ግቢ በር ላይ ይቆማል፣ ስንቁ ያልቃል፣ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ መሀል መንገድ ላይ ተደፍቶ "አቤት!" ካላለ በቀር የሚሰማው የለም። ከፍ ያለው ሁልጊዜ ደግ ነው፣ ክፉው መሀል ላይ ያለው ነው፣ ሰው እንዲህ ብሎ ነው የሚያስበው። እና ያ ነገር ለጌታው በጣም ምቹ ነው አልኩት። ሳቀና የ60ውን አነሳ።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም ተነሳ፣ ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት። አያ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ገማች ይመጣል ሲባል እናቱ ጤፉን ማታ ማታ በእንስራ እያመላለሰች ከጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ስታስገባ እሱ ኩራዝ ይይዝላት ነበር፣ እጁ ላይ ጋዝ ፈስሶበት እንደነበር ሁሉ ያስታውሳል። የገበሬው ፍራቻ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ጎጃም መሬት በርስት ነው የሚያዘው፣ ዛሬ ምርትህን ገምተው የጻፉ ነገ ቀላድ ይዘው መጥተው መሬትህን ይለኩታል፣ ከተለካ ደሞ ርስትህ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጦር መጣ፣ አውሮፕላንም መጣ፣ ቦምብ ተጣለ። አያ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው፣ "እኛ ልጆቹ መጀመሪያ እያጨበጨብን ነበር" አለ። ይሄን ብሎ ትንሽ ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን።

ግን ገበሬው ሽማግሌ መርጦ አቤት ያለው ለማን መሰላችሁ፣ ለራሳቸው ለጃንሆይ። ይውረድልን ያለው አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ነው። ንጉሡ አያውቁም፣ ቢያውቁ ኖሮ አያደርጉም ነበር ነው ነገሩ። ደጃዝማቹም ተነሱ፣ ውዝፉ ተሰረዘ፣ ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይሰራ ቀረ። አያ ይሄን እንደማሸነፊያ ነው ያነሳብኝ፣ እኔ ደሞ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ ራሳቸው ንጉሡ በቮልስዋገን እንደተወሰዱ አስታወስኩት። "እሱማ" አለ። የተማረበት ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ የጃንሆይ ፎቶ ሲወርድ ከጀርባው ያለው ቀለም ሳይደበዝዝ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቶ ነበር አሉ፣ በኋላ እነ ማርክስ ሦስቱ ሲሰቀሉ ፎቶው ስላነሰ ዳር ዳሩ ይታይ ነበር፣ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ርዕሰ መምህሩ ጋ የገባ ሁሉ ሦስቱን ፂማሞች ሳይሆን ያን አራት ማዕዘን ነው የሚያየው።

ከዛ አዝማሪው መጣ። ማሲንቆው ደህና ነው፣ ድምፁ ከደህናም በላይ ነው፣ ግን ስፒከር ስለሚጠቀሙ ጆሮ ይበጥሳል፣ እባካችሁ ባለቤቶቹ ይሄን ካነበባችሁ ስፒከሩን አውጡት፣ ማሲንቆ ስፒከር አይፈልግም። ሌላው ደግሞ ብር የለጠፈን ብቻ ነው የሚያወድሰው፣ የሚነካ ግጥም የለም። አዝማሪ እኮ ጌታውን ማዕዱ ላይ በግጥም የሚሸነቁጥ ሰው ነበር፣ ግራዚያኒ በ1929 አዝማሪና ጠንቋይ እየተለቀመ እንዲረሸን ያዘዘው ደስ ስላላሰኙት ብቻ አይደለም፣ ሰው የሚሰማው እነሱን ስለሆነ ነው። ባጭሩ ልጁ መጋረጃው ጋ ሄዶ የበላይ አካሉን አንበሳ ነብር እያለ ካወደሰ በኋላ ወደኛ ዞረ። አያ ጉሮሮውን ጠረገና "ተቀበል!" አለው።

እንዲያው ለወጉ ነው ጌታዬ ማለቴ፣
ግብር ነው ያመጣኝ ወጥቼ ከቤቴ።

አዝማሪው ፈገግ አለ፣ ገብቶታል፣ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አጋፋሪውን አየ፣ ከዛ ሁለቱን ስንኝ ጥርት አድርጎ ወደ መጋረጃው ዞሮ ዘፈነው፣ ሁለት ጊዜ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የበላይ አካሉ ከልቡ ሳቀና ተነስቶ 200 ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። ሰሙን ይሁን ወርቁን የሰማው እስከዛሬ እንጃ። ሚስቴ ወርቁን ነው ትላለች፣ እኔ ሰሙን ነው እላለሁ፣ አያን ስንጠይቀው "ምን አገባችሁ፣ ከፈለ አይደል" አለ።

ሂሳብ። ሥጋ 2,400፣ ዶሮ 1,500፣ ስድስት ብርሌ 720፣ ውሃ 130፣ ድምር 4,750 ብር። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ 475፣ እዛ ላይ ቫት 15 በመቶ 783 ብር ከ75 ሳንቲም፣ ጠቅላላ 6,008 ብር ከ75። ሜኑው ላይ ዋጋው ቫትን እንደማይጨምር የተጻፈው በጣም በትንሹ ከታች ነው፣ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ካሸሩ የተቀመጠበት ደግሞ ከጀርባው "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" የሚል ቆዳ ላይ የተጻፈ ተሰቅሏል፣ ስለ ጠረጴዛው ቅሬታ ለማቅረብ ሄጄ እሱን አንብቤ ተመለስኩ። ወጥ ቤት በር ጋ ተጥለን ሰርቪስ ቻርጅ መክፈላችን ግን አሁንም ያናድደኛል።

አያ ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ አራቀና አነበበ።

"ይች 783 ምንድን ናት?"

"ግብር ናት አያ።"

"የበላናት ናት ወይስ የምንከፍላት?"

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ለሥጋውና ለጠጁ ብቻ ቢሆን 5 ነበር። ቅዳሜና እሁድ ከሄዳችሁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ግቡ፣ ፓርኪንግ አለ ግን ስድስት መኪና ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ረቡዕና አርብ የጾም በያይነቱ አላቸው ብለውኛል አልቀመስኩትም። ሽንት ቤት ውሃ የለም፣ ሶፍት ያዙ። ጠረጴዛ ሲሰጧችሁ ደግሞ በላይ ፎቶ ስር ያለችውን አትቀበሉ።